ሯጩና ተቀማጩ፦ በሀብሩ ኩሬዎች ዳር የሠራሁባቸው ዓመታት

የቤተ ሙከራውን ሁለት ቁልፎች ለተተኪዬ ያስረከብኩት ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው የሥራ ዘመኑን ትዝታ ልጻፍ ብሎ ቢነሣ አንባቢ ቢታዘበው አልፈርድም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የሚያምረው ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከመሥሪያ ቤታቸው የምስጋና ወረቀት የተቀበሉ ሰዎች ሲጽፉት ነው። እኔ ጡረታ አልወጣሁም፤ ሙያዬን ተውኩ እንጂ። ሙያው የኖረው ሰባት ዓመት ነው። አሁን ወልድያ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍት አውሳለሁ። እዚህ ልሠራ የምችለው ትልቁ ስሕተት አንድን መጽሐፍ ከቦታው ውጭ ማስቀመጥ ነው፤ ነገ ተፈልጎ ይገኛል። በቀድሞው ሥራዬ የሠራሁት ስሕተት ግን ተፈልጎ የሚታረም አይደለም። የምጽፈውም ስለ እርሱ ነው።

በመጀመሪያ የተመደብኩት መርሳ ነበር፤ በአንድ የመሰናዶ ትምህርት ቤት፣ በቤተ ሙከራ ቴክኒሺያንነት። ርእሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ፤ ቤተ ሙከራውን ግን የተሰበሩ ወንበሮች ማከማቻ አድርገውት ስለነበር ሥራ የጀመርኩት ወንበር በማውጣት ነው። አንዲት ማይክሮስኮፕ ነበረችን። የራሷ መስተዋት ወልቆ ጠፍቶ፣ በቦታው ከሴት የእጅ ቦርሳ የወጣ መስተዋት በሙጫ ተጣብቆባታል። የሽንኩርት ልጣጭን ለስንት ተማሪ በእርሷ እንዳሳየሁ አላስታውስም። ደመወዙ የቤት ኪራይና ምሳ ይችል ነበር፤ ስለ እርሱ ሌላ የምለው የለኝም። ዘመኑ ሁላችንም አንድ ለአምስት ተደራጅተን በየሳምንቱ ለግምገማ የምንቀመጥበት ነበር። በእኔ ቡድን የነበሩት መምህራን የሚገመግሙት ነገር ሲያጡ የእኔን ወንበሮች ይገመግሙ ነበር። እንዲህ ሆኜ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አነባለሁ፤ ከመጻሕፍት ውጭም ብዙ ወዳጅ አልነበረኝም።

ከዚያ ወልድያ ያለ አንድ ኮሌጅ ቴክኒሺያን እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ወጣ። ተወዳድሬ አለፍኩ። ጋሽ ይመርን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ጋሽ ይመር ዋናው ቴክኒሺያን ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው። በነጩ ካፖርታቸው የደረት ኪስ ሁልጊዜ ሦስት እርሳስ ይሰካሉ፤ እስክሪብቶ ሲይዙ ግን ለዓመታት አይቼ አላውቅም። ቀለም በአልኮል ውስጥ ይሟሟል፤ እርሳስ አይሟሟም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ናሙና ስምና ቦታ በጠንካራ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፈው፣ ወረቀቱን ጠርሙሱ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ጠርሙሱ ውስጥ ከእንስሳው ጋር ይከቱታል። የተለጠፈ ወረቀት ይላቀቃል፤ የተላቀቀ ወረቀት ደግሞ የሌላ ጠርሙስ ይሆናል። ዲግሪ አልነበራቸውም። መምህራኑ በሥራቸው ሲቀልዱ ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ፤ አንድ ቀን ብቻ አንዱ ወጣት መምህር አብዝቶባቸው «እኔ ዲግሪ የለኝም፤ ካሊፐር ግን አለኝ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ካሊፐር የምንለው ርዝመትን እስከ ሚሊሜትር ሽራፊ የሚለካ የብረት መንጋጋ ነው። የእርሳቸው ከብዛት አገልግሎት የተነሣ ቁጥሩ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር።

ከአሥር ዓመት በላይ ሁለት ዓይነት እንቁራሪቶችን ሲያወዳድሩ ኖረዋል። ያዘዛቸው የለም፤ ውሎ አበልም አልተቆረጠላቸውም። አንደኛውን «ሯጩ»፣ ሁለተኛውን «ተቀማጩ» ይሉታል። ሯጩ በሁሉም ቦታ አለ፦ በወልድያ ወንዝ ዳር፣ በሐራ ሜዳ ሣር ውስጥ፣ በመርሳ የመስኖ ቦዮች። ተቀማጩን ግን ያገኙት በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከመርሳ ወደ ተራራው በኩል ወጣ ብሎ ባለች፣ «የወይራው ኩሬ» በምትባል ጥቁር ውሃ።

ላልለመደ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው። ሁለቱም ቡናማ፣ ሁለቱም በጀርባቸው ላይ ከአንገት እስከ ወገብ የወረዱ ቀጫጭን የቆዳ ሸንተረሮች ያሏቸው ናቸው። ልዩነቱን ጋሽ ይመር ያስተማሩኝ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጄ አስይዘው ነው። እጅ አስቀድሞ በኩሬው በራሱ ውሃ ይታጠባል፤ ደረቅ መዳፍ ቆዳቸውን ያቃጥለዋልና። ከዚያ ወገቡ ላይ በሁለት ጣት ይያዝና የኋላ እግሩ ወደ ፊት በጎኑ በኩል ይታጠፋል። የሯጩ ቁርጭምጭሚት አፍንጫውን አልፎ ይሄዳል፤ የተቀማጩ ዓይኑ ጋ ሲደርስ ይቆማል። የሯጩ ሸንተረሮች ያልተቋረጡ ናቸው፤ የተቀማጩ ሰው ቸኩሎ እንደ ሰፋው ስፌት እየተቆራረጡ ይወርዳሉ። የኋላ ጣቶቹን ዘርግተው ወደ ፀሐይ ቢያዩአቸው በሯጩ ጣቶች መካከል ያለው ስስ ቆዳ እስከ ግማሽ ብቻ ይደርሳል፤ የተቀማጩ እስከ ጫፍ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ብብቱ ውስጥና የታፋው መጋጠሚያ ላይ ደግሞ ተቀማጩ እንደ እንቁላል አስኳል ያለ ቢጫ አለው። ይህ ቢጫ አልኮል ውስጥ በገባ በሁለተኛው ቀን ይጠፋል፤ የጣቶቹ ስስ ቆዳም ይኮማተራል። ስለዚህ ቀለም የሚጻፈው እንስሳው በሕይወት ሳለ፣ እዚያው ኩሬው ዳር ቆሞ ነው።

ድምፃቸውም ይለያል። ሯጩ ጥፍር በማበጠሪያ ጥርስ ላይ ሲሳብ ያለውን ድምፅ ያወጣል፤ ፈጣንና ሻካራ። ተቀማጩ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ይናገርና ረጅም ዝም ይላል። ጋሽ ይመር ኩሬ ሲደርሱ መረብ አያወጡም። ቆመው ያዳምጣሉ። ትዕግሥቴ አልቆ ስቁነጠነጥ «ቆይ፣ ውሃው ይልመደን» ይሉኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ሐራ ሜዳ ላይ፣ ዝናብ ባባራበት ከሰዓት፣ ቁርጭምጭሚቱ ዓይኑ ጋ የሚቆም እንቁራሪት ያዝኩ። ተቀማጩ በሁለተኛ ቦታ ተገኘ ብዬ በጭቃው ውስጥ እየወደቅሁ እየተነሣሁ ሮጥኩ። ጋሽ ይመር ተቀብለው አገላበጡት። ብብቱን አዩ፤ ሸንተረሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ በእርጋታ ሣሩ ላይ ለቀቁትና «ይህ ልጅ ነው፣ አራጋው» አሉኝ፤ «አንተም በዚህ ዕድሜህ እግርህ አጭር ነበር።» ያኔ ሳቅን። የሯጩ ወጣቶች በእግር ልኬት ብቻ ሲታዩ ተቀማጭ እንደሚመስሉ የተማርኩት በዚያ ቀን ነው። ስለዚህ በኋላ አላወቅሁም ብዬ የማመካኝበት ነገር አልነበረኝም።

ከደንቦቻቸው ሁሉ አጥብቀው የሚጠብቁት ግን አንዱን ነበር፦ ራሳቸው ያልያዙትን እንስሳ አይመዘግቡም። ገበሬ በፌስታል ይዞላቸው ቢመጣ በአክብሮት ተቀብለው፣ አመስግነው፣ ሰውየው ዞር ሲል ይለቁታል። ናሙና ማለት ሥጋውና ቆዳው ብቻ አይደለም ይሉ ነበር፤ የተያዘበት ቦታ የአካሉ ክፍል ነው።

የወይራው ኩሬ ሼህ ሙሄ ከሚባሉ አዛውንት ገበሬ ቤት በታች ነበረች። ኩሬዋን የቆፈሩት አያታቸው ናቸው ይባላል። በየዓመቱ ከክረምቱ በፊት የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ደለሏን ያወጣል፤ ከብቱ ሁሉ ከእርሷ ይጠጣል። ሼህ ሙሄ ጋሽ ይመርን ይወዷቸዋል፤ ይቀልዱባቸዋልም። የሕዝብና ቤት ቆጠራ ካለፈ ወዲህ መንግሥት ወደ እንቁራሪት ዞረ እያሉ ጎረቤቶቻቸውን ያስቁ ነበር። ወንድማቸው ሐሰን ደግሞ ከተቆጠሩ አይቀር በአንድ ለአምስት ይደራጁ ይል ነበር። ጋሽ ይመር መረባቸውን እያጠቡ አብረው ይስቃሉ።

ነገሩ የተለወጠው የኩሬዋ መሬት ለልማት ሲፈለግ ነው። ውሃዋን ወደ ቦዩ አፍስሶ፣ ወለሏን ተደራጅተው መሬት ለሚጠባበቁ ወጣቶች ለሽንኩርት ማሳ ለማከፋፈል ታሰበ። በዕቅዱ ክፋት አልነበረበትም። ወጣቶቹ በእርግጥ መሬት አልነበራቸውም፤ ከእነርሱም ግማሾቹ መርሳ ሳለሁ የሽንኩርት ልጣጭ ያሳየኋቸው ተማሪዎቼ ነበሩ። በሌላ በኩል ሼህ ሙሄና ጎረቤቶቻቸው ከብት የሚያጠጡበት ሌላ ውሃ ሩቅ ነው ብለው አቤት አሉ። ጉዳዩን የያዘው መሥሪያ ቤት ከመወሰኑ በፊት ለኮሌጁ ጻፈ፦ በኩሬዋ ውስጥ በሌላ ቦታ የማይገኝ ፍጥረት አለ ወይ? ካለ ኩሬዋ ትቀራለች፤ ከሌለ ትፈሳለች።

ደብዳቤው በጋሽ ይመር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ደጋግመው አነበቡት። ያን ሁሉ ዓመት ማንም ያልጠየቃቸውን ጥያቄ አንድ ሰው በማኅተም ጠየቃቸው።

የክፍላችን ኃላፊ፣ በዘመኑ አጠራር የሥራ ሂደት ባለቤቱ፣ ከደብዳቤው ጋር የመጣውን ቅጽ አገላብጠው አዲስ ናሙና ያስፈልጋል አሉ፤ የጋሽ ይመር አሮጌ ጠርሙሶች በቅጹ መሠረት የተሰበሰቡ አይደሉምና። ቅጹ ሃያ መስመር ነበረው። ስለዚህ ሃያ ናሙና ይምጣ ተባለ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ። ጋሽ ይመር ያን ሰሞን ጉልበታቸው አብጦ ደረጃ መውጣት አይችሉም ነበር። እኔ ሄድኩ።

ወሩ ግንቦት ነበር። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ኩሬዋ ወደ መካከሏ ሸሽታ ዳር ዳሯ ተሰነጣጥቋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ተቀማጩ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይቀበራል፤ አይናገርም፤ በመረብም አይገኝም። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ በእጄ ጭቃውን ስፈትሽ ከጧት እስከ ቀትር ዋልኩ። ስድስት አገኘሁ። እያንዳንዳቸውን በሕይወት ሳሉ መዘገብኩ፤ የስድስቱም ብብት ቢጫ ነበር፤ የስድስቱም እግር ዓይናቸው ጋ ይቆማል። ስድስቱን ክዳኑ በተበሳ የፕላስቲክ ባልዲ አስቀምጬ ወደ ጭቃው ተመለስኩ። ሌላ አልተገኘም።

ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ሼህ ሙሄ ከሐሰንና ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ወረዱ። እኔን እስከ ክርኔ ጠቁሬ ሲያዩኝ ሐሰን «ይኼስ ራሱ ሊቀበር ነው» አለ። ሼህ ሙሄ ስንት እንደሚያስፈልገኝ ጠየቁኝ። ሃያ አልኳቸው። ስንት እንዳገኘሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ለምን እንደሚያስፈልገኝ ያውቁ ነበር፤ ለኩሬዋ ነው። የትኛው ዓይነት እንደሚያስፈልገኝ ግን አላስረዳኋቸውም። አንድ እንቁራሪት ከሌላው በብብቱ ቀለም ይለያል ብል የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር። የተማርኩ ነኝ ብዬ የያዝኩት ክብር ያን ቀን አፌን ዘጋው።

«ይህ ልጅ እኛን ብሎ መጥቶ ባዶውን አይመለስም» አሉ ሼህ ሙሄ ለሐሰን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ግን መጀመሪያ ትበላለህ። ና፣ ታጠብ» አሉኝ።

እምቢ ማለት አይቻልም ነበር፤ ሞክሬ አውቀዋለሁ። በዚያ ቤት እንግዳ ምግብ ሳይቀምስ ከሄደ ለዓመት የሚወራ ቅያሜ ነው። ገንፎ ቀረበልኝ፤ ሼህ ሙሄ አጠገቤ ተቀምጠው አጉርሰውኝ፣ የአያታቸውን ታሪክ አጫወቱኝ፣ አላህ ሥራህን ያቅናልህ ብለው መረቁኝ። ስወጣ ሐሰንና ጎረቤቶቹ ኩሬዋ ዳር ቆመው ይጠብቁኛል። ባልዲዬ ሞልቷል። ሐሰን ክዳኑን ከፍቶ አሳየኝ። አሥራ አራት ተጨምረዋል፤ ቆጥረውልኛል።

እግራቸውን አየሁ። የወይራው ኩሬ ጭቃ ጥቁር ነው። በሐሰንና በሁለቱ ሰዎች እግር ላይ ያለው ቀይ ነበር። ቀይ ጭቃ ያለው ታች፣ ቦዩ ዳር ነው።

ይህን ሳይ የት እንደያዟቸው መጠየቅ ነበረብኝ። ጋሽ ይመር ሲያደርጉ እንዳየሁት አመስግኜ ተቀብዬ መንገድ ላይ ልለቃቸውም እችል ነበር። ከሁለቱም አንዱን አላደረግሁም። ፀሐይ ሲያቃጥለኝ ውሏል፤ የሥራ ሂደት ባለቤቱ ፊት ስድስት መስመር ብቻ የተሞላ ቅጽ ይዤ ስቆም ታየኝ፤ ደግሞም ሰዎቹ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ባልዲውን አነሣሁ። መርሳ መንገድ ድረስ ሐሰን ተሸከመልኝ።

ቤተ ሙከራ ገብቼ ሃያውን አልኮል ጠርሙሶች ውስጥ አስገባሁና ሃያ ቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ «የወይራው ኩሬ» ብዬ ጻፍኩ። የሕይወት ቀለም በሚሞላበት አምድ የስድስቱን በዝርዝር አሰፈርኩ። ከሰባተኛው ጀምሮ «እንደ ላይኛው» አልኩ። አሥራ አራት ጊዜ እንደ ላይኛው።

ጋሽ ይመር ጉልበታቸው ሻል ሲላቸው መጥተው ሦስት ቀን ለኩ። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ይለካሉ፤ ሁለተኛውን የመጀመሪያውን ቁጥር በወረቀት ሸፍነው ነው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሯጭ የሆኑ አሉ፤ ተቀማጭ የሆኑ አሉ፤ በመካከል ደግሞ እግራቸው ያጠረ፣ ሸንተረራቸው ያልተቋረጠ፣ የትኛውም ወገን የማይመስሉ ብዙ አሉ። እነዚያ የሯጩ ወጣቶች ነበሩ፤ ቢጫ እንዳልነበራቸው ግን አልኮሉ ሸፍኖታል፤ የቀረው የእኔ «እንደ ላይኛው» ብቻ ነበር። ከሁለት ቦታ የመጡ መሆናቸው ቢታወቅ ነገሩ ግልጽ ነበር። ሁሉም ከአንድ ኩሬ ወጥተዋል ከተባለ ግን ትርጉሙ ይገለበጣል፦ ሁለት ዝርያ የለም፤ ያለው መልኩ የሚለዋወጥ አንድ ዝርያ ነው።

«አራጋው» አሉኝ።

«አቤት ጋሼ።»

«እነዚህን ሁሉ በእጅህ ነው የያዝካቸው?»

የጠየቁኝ ሳይቆጡ ነው። እንዲያውም ተስፋ በሚመስል ድምፅ ነበር፤ አይደለም ብላቸው የሚደሰቱ ይመስሉ ነበር። ይህን የተረዳሁት ከመለስኩ በኋላ ነው።

«አዎ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛ አልጠየቁም። እኔን ካመኑ ደግሞ ራሳቸውን መጠራጠር ነበረባቸው። ያን ጊዜ በዕድሜዬ አይቼው የማላውቀውን ነገር አደረጉ። ከአሥር ዓመት በላይ ያመኑበትን ነገር ወደ ጎን ትተው፣ ፊታቸው ያለው ቁጥር የሚለውን ጻፉ፦ በወይራው ኩሬ ባሉት እንቁራሪቶች መካከል የታየው ልዩነት ከዕድሜና ከግለሰብ መለዋወጥ ያለፈ ሆኖ አልተገኘም። የሥራ ሂደት ባለቤቱ ይፋ ሰነድ በእርሳስ አይፈረምም ብለው እስክሪብቶ አቀበሏቸው። ፈረሙ። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጥሩን ጥቂት ገፋ አድርጎ ለኩሬዋ ይፈርድ ነበር። እርሳቸው ግን ስለ ታማኝነታቸው ተሸነፉ፤ ያሸነፋቸውም የእኔ ውሸት ነው።

ደብዳቤው እስኪወጣ አራት ቀን ቆይቷል። በእነዚያ አራት ቀናት በየጧቱ እናገራለሁ ብዬ ቢሮ እገባ ነበር። አልተናገርኩም። በብዙ መጻሕፍት ውስጥ ሰዎች ጥፋታቸውን ሲናዘዙ አንብቤአለሁ፤ ቀላል ይመስል ነበር።

ኩሬዋ የፈሰሰችው ከክረምቱ በፊት ነው። እኔም ሄጄ ቆምኩ። በደቡቡ ዳር ጎድጎድ ያለ መውረጃ ተቆፈረላት፤ ያን ያህል ውሃም ስላልነበራት እስከ ቀትር አለቀች። ነጫጭ ወፎች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ጭቃው ላይ ወረዱና ሲለቅሙ ዋሉ። ምን እንደሚለቅሙ ለማየት አልተጠጋሁም። በቀጣዩ ዓመት በዚያ ላይ የበቀለው ሽንኩርት ጥሩ ነበር፤ ይህን አለመናገር ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። የሼህ ሙሄ ከብቶች ደግሞ ውሃ ፍለጋ የቀኑን ግማሽ መሄድ ጀመሩ፤ እርሳቸውም ሁለቱን በሬዎች ብቻ አስቀርተው ሌሎቹን ሸጡ።

ጋሽ ይመር ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳ አልወጡም። ካሊፐሩን በዘይት ጠርገው ቁም ሣጥን ውስጥ አስገቡት። ስለ ተቀማጩ የሰበሰቡትን አሮጌ ጠርሙሶች ላቆያቸው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ቦታ ካስፈለገህ ጣላቸው አሉኝ። ለተማሪዎች ሲያስረዱ ድሮ «አውቃለሁ» ይሉባቸው በነበሩ ቦታዎች «ይመስለኛል» ማለት ጀመሩ። በዓመቱ ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ዘንድ ደሴ ሄዱ። ስንሰነባበት ሳሙኝና «አንተ ጎበዝ ልጅ ነህ፤ እኔ ዓይኔ ደክሟል» አሉኝ። አሁንም ዝም አልኩ። ደሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ቀን እሰጥ ነበር፤ ከገና ወደ ፋሲካ፣ ከፋሲካ ወደ ክረምት እየገፋሁ ስቆይ ማረፋቸው ተነገረኝ። የሄድኩት ለአርባቸው ነው።

ከደሴ በተመለስኩ በሳምንቱ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን አስገባሁ። ቁልፍ ባስረከብኩ ማግሥት በሚኒባስ መርሳ ወረድኩና በእግሬ ወደ ሼህ ሙሄ ቤት ወጣሁ። ለጋሽ ይመር ልነግራቸው የማልችለውን ለአንድ ሰው መንገር ነበረብኝ፤ ከሼህ ሙሄ ሌላ ደግሞ ይህን መስማት የሚገባው ሰው አልነበረም።

ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው። አርጅተዋል። አሰላሙ ዓለይኩም ስላቸው በድምፄ ለዩኝ፤ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የጋሽ ይመርን ማረፍ ስነግራቸው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላቸው። ከዚያ ስለ ኩሬዋ ሊያጽናኑኝ ጀመሩ፤ እኔን።

«አብሽር ልጄ፣ የአላህ ውሳኔ ነው። አንተም ደክመሃል። እኛም አቅማችን የፈቀደውን አድርገናል። ሐሰን እስከ ዛሬ ያነሣዋል፤ ‹ባልዲውን ሞልተን ነው የሰደድነው፣ ከዚያ በላይ ምን እናድርግ?› ይላል። ወላሂ፣ ሐሰንን የሚያጽናናው ይኸው ነው።»

ነገርኳቸው። የቦዩ እንቁራሪትና የኩሬዋ እንቁራሪት የተለያዩ መሆናቸውን፣ ልዩነቱን ያን ቀን ሳላስረዳቸው መቅረቴን፣ ቀዩን ጭቃ አይቼ እንዳላየሁ መሆኔን፣ ጋሽ ይመር ሲጠይቁኝ መዋሸቴን አንድ በአንድ አወጣሁት። ሼህ ሙሄ አላቋረጡኝም። ስጨርስ በእጃቸው ያለውን መቁጠሪያ ጭናቸው ላይ አኖሩና ታች ወደ ሽንኩርቱ ማሳ አዩ። ሴቶች ይኮተኩቱ ነበር።

«የኛዎቹ ስንት ነበሩ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ስድስት።»

«ስድስቱን ብቻ ይዘህ ብትሄድ አይበቃም ነበር?»

ቅጹ ሃያ መስመር አለው ልላቸው አስቤ ነበር። ጋሽ ይመር ግን ስድስቱን ብቻ ቢያገኙ፣ ስድስቱም ቢጫ፣ ስድስቱም አጭር እግር፣ አንድም የሚያወላውል በመካከላቸው ሳይኖር፣ ምን ይጽፉ እንደነበር አውቃለሁ። የቀሩትን መስመሮች ባዶ ትተው ከሥራቸው ይፈርሙ ነበር።

«ይበቃ ነበር» አልኳቸው።

ከታች ሐሰን ትከሻው ላይ መቆፈሪያ ይዞ ወደ ቤቱ ሲወጣ አየነው፤ እርሱም አይቶኝ ከሩቅ እጁን አነሣ። ሼህ ሙሄ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ክንዴን ያዙ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«ለሐሰን እንዳትነግረው» አሉኝ።